የቢራ ሐሳብ በቡና ጉልበት

እኔ ጠጪ አይደለሁም። ይህን የምለው ሚስቴ እንድታነበው ብዬ አይደለም፤ እሷማ ታውቃለች። እናንተ እንዳትሳሳቱ ነው። በወር አንድ ቀን፣ ያውም ሰው ከጋበዘኝ፣ አንድ ጠርሙስ ቢራ ይዤ ቢራው እስኪሞቅ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ቡናም ቢሆን እንደ ማንኛውም ሰው ነው የምጠጣው፤ ሲገኝ። ሁለቱን ለየብቻ ስጠጣ ኖሬ አንድም ቀን ክፉ አድርገውኝ አያውቁም። በአንድ ቀን በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ያገናኘኋቸው ዕለት ግን ከሥራዬም፣ ከቤቴም፣ ከነጻነቴም ልለያይ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። መሥሪያ ቤታችን ቦሌ መንገድ ላይ የነበረ ኮርፖሬሽን ነው። ምን እንደሚያመርት አልናገርም፤ አንደኛ ሙያዊ ምስጢር ነው፣ ሁለተኛ እኔም ስምንት ዓመት ሠርቼበት በቅጡ አላወቅኩትም። የእኔ ሥራ ሪፖርት መጻፍ ነበር። ያልተመረተውን «በመመረት ላይ ያለ»፣ የተበላሸውን «ልምድ የተቀሰመበት» እያልኩ እጽፋለሁ። ሥራ አስኪያጁ ይፈርማሉ፣ ወረቀቱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ያየው ሰው የለም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ።

«ቅዳሜ ጠዋት የሠራተኛው ጠቅላላ ስብሰባ አለ» አሉኝ። «ስለ ሥራ ፍሬያማነት ንግግር አደርጋለሁ። ሦስት ገጽ ይበቃል። ነገ በጠዋት ጎሮ ለአረም ዘመቻ ስለምንወጣ፣ ዛሬ ከሥራ ሳልወጣ ታይፕ ተደርጎ ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን። አንድ ቅጂ ደግሞ ለጓድ ተሾመ።»

ጓድ ተሾመ የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ናቸው። ሳቃቸውን ያየ የለም፤ አይተናል የሚሉም አሉ፣ ግን አይታመኑም።

«እሺ ጓድ» አልኩ።

«ደግሞ እንዳለፈው እንዳይሆን። ያለፈው ሰው አስተኝቷል።»

ያለፈውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያስተኛው ግን የእሳቸው አነባበብ ነው። ይህን አልነገርኳቸውም። ቤተሰብ አለኝ።

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እርሳስ አነሳሁ። እዚህ ላይ ስለ ቡና አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያን ጊዜ የመሥሪያ ቤታችን ሻይ ቤት የሚያቀርበው ቡና ግማሹ ገብስ፣ ሩቡ ሽምብራ፣ የቀረው ተስፋ ነበር። እኛ ቤት ግን ያን ሰሞን እውነተኛ ቡና ገብቷል። አማቴ ከጅማ መጥተው ነበር። ቡና ይዞ ኬላ ማለፍ መሣሪያ ይዞ ከማለፍ በማይተናነስበት ዘመን፣ እሳቸው ሁለት ኪሎ ቡና ትራስ ውስጥ ሰፍተው፣ አውቶቡስ ውስጥ ተኝተውበት መጡ። ፈታሹ ሊቀሰቅሳቸው ቢሞክር ተቆጥተው፣ ይቅርታ ጠይቋቸው ነው አሉ የወረደው።

ያን ዕለት ጠዋት ከዚያ ትራስ ሦስት ስኒ ጠጥቼ ነበር የወጣሁት። ዓመታት ከገብስና ከሽምብራ ጋር የኖረ ጭንቅላት ድንገት እውነተኛ ቡና ሲደርሰው ምን እንደሚሆን ያየሁት ያን ቀን ነው። ሥራ! ሥራ! አለኝ። እርሳሶቼን በሙሉ ቀረጽኩ። የቀረጽኳቸውን በቁመታቸው ደረደርኩ። መሳቢያዬን ገልብጬ ጠረግሁ። ሃያ ወረቀት ላይ ኅዳግ አሰመርኩ። ከዚያ በመጀመሪያው ወረቀት አናት ላይ «ጓዶች!» ብዬ ጻፍኩና ቃለ አጋኖውን ደጋግሜ አደመቅኩት። ስድስት ሰዓት ሲሆን የነበረኝ ይኸው አንድ ቃል ነው። ቡና እንደዚህ ነው፤ ወፍጮውን ያስነሳልሃል እንጂ እህሉን አያመጣልህም። እህል ያጣ ወፍጮ ደግሞ የራሱን ድንጋይ ነው የሚፈጨው።

የግዥ ክፍሉ ከበደ ለምሳ ሊጠራኝ ሲመጣ በዚህ ሁኔታ ላይ አገኘኝ። ከበደ ስለ መጋዘን አያያዝ ሊሠለጥን ምሥራቅ ጀርመን ሦስት ወር ተልኮ፣ ስለ ቢራ ተመራምሮ የተመለሰ ወዳጄ ነው።

«ስማ፣ ሐሳብ የሚመጣው ከቢራ ነው» አለኝ ወረቀቴን አይቶ። «ቡና ሐሳብን ያሮጥልሃል፤ ሐሳቡ ከሌለህ ግን ማንን ያሩጥልህ? መጀመሪያ ቢራ፣ ቀጥሎ ቡና። ጀርመኖች ፋብሪካ የሠሩት እንዲህ ነው።»

«ጀርመኖች ቡና አላቸው እንዴ?»

«ቢራው የራሳቸው ነው፤ ቡናው ከእኛ ይሄድላቸዋል። ለዚህ ነው እነሱ ፋብሪካ፣ እኛ ስብሰባ ያለን።»

ይህች አባባል ጆሮዬ ውስጥ ገብታ ቀረች። ጥፋቱ ከዚህ ይጀምራል።

ቦሌ ሚካኤል፣ ከብረት በያጆቹ ጎን፣ ከበደ የሚያውቃት አንዲት ግሮሰሪ ነበረች። ቢራ እንደ ሩቅ ዘመድ በሚጠፋበት በዚያ ጊዜ፣ ባለቤቲቱ ምግብ ላላዘዘ ሰው ቢራ አትሸጥም። ለአንድ ሰሃን አንድ ጠርሙስ ነው ደንቡ። ስለዚህ ሦስተኛውን ቢራ ለማግኘት ሦስተኛውን ጥብስ ማዘዝ ነበረብኝ። ሐሳብ ፍለጋ ገብቼ በሬ ጨረስኩ ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ቢራ ምንም አላመጣም። በሁለተኛው ሥራ አስኪያጁን ወደድኳቸው፤ ምስኪን ሰው ናቸው፣ ምን ያድርጉ አልኩ። በሦስተኛው እውነት መጣች። ዝም ብላ መጥታ አጠገቤ እንደተቀመጠች ነበር የተሰማኝ። ወረቀቴን አወጣሁና ያለ አንድ ስርዝ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ለከበደ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ለካ የሰከረ አድማጭ ያለው ጸሐፊ ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየ በሬ ነው።

«አሁን ቡናው!» አለ ከበደ።

ጽጌ፣ ማለት ሚስቴ፣ ጠዋት በወረቀት ጠቅልላ ትንሽ የተወቀጠ ቡና ኪሴ ከትታልኝ ነበር። ለባለቤቲቱ ሰጠኋት። አሸተተችና መጋረጃውን ሳበች።

«ይሄ ቡና ነው!» አለች በሹክሹክታ፣ ሰው የሞተባት ይመስል ደረቷን ይዛ። ግማሹን ለራሷ አስቀርታ፣ ግማሹን አፍልታ አመጣችልን። ሁለት ስኒ ጠጣሁ።

ሰዎች ቡና ስካርን ያስለቅቃል ይላሉ። ውሸት ነው፤ በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። ቡና የሰከረን ሰው ያነቃዋል እንጂ አያስለቅቀውም። ሰክሮ የተኛ ሰው ማንንም አይጎዳም። ሰክሮ የነቃ ሰው ግን ቢሮ ይገባል።

ስምንት ሰዓት ላይ ገባሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ከሰዓት ሠርቼ አላውቅም። ለሦስት ወር የተኙ ደብዳቤዎችን መለስኩ። መዝገብ ቤት ድረስ ፋይል ተሸክሜ ወጣሁ፣ ወረድኩ። ያገኘሁትን ሁሉ «ፍሬያማነት!» እያልኩ ትከሻውን መታሁ። ንግግሩን ደግሞ በገዛ እጄ ታይፕ ክፍል ወስጄ ለእትዬ አማረች አስረከብኩ። እትዬ አማረች የታይፕ ክፍሉ ኃላፊ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ሥራ አስኪያጁ እንኳን በር አንኳኩተው የሚገቡባቸው ትልቅ ሴት ናቸው። «ይህ ታሪክ ይሠራል!» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፣ ወረቀቱን ተቀበሉኝ።

ዓርብ ጠዋት ስነቃ ጭንቅላቴ ውስጥ በያጆቹ በሙሉ ሥራ ጀምረዋል።

«ትናንት ላደረግክልን ንግግር» አለች ጽጌ፣ ውሃ እያቀበለችኝ፣ «እናቴ አጨብጭባልሃለች።»

«የምን ንግግር?»

«ከሥራ ስትመጣ በቃልህ ያልከው ነዋ! ‹ጓዶች! ፍሬያማነታችንን የሚበላው አንድ ነገር ነው፤ እሱም ስብሰባ ነው› አልክ። ሰኞ የውይይት ክበብ፣ ማክሰኞ ማኅበር፣ ረቡዕ ቀበሌ፣ ሐሙስ የሰኞው ግምገማ፤ ሥራ የሚሠራው መቼ ነው አልክ። ደግሞ ጓድ ተሾመ ሲናገሩ የግድግዳው ሰዓት ራሱ ያንቀላፋል አልክ።»

ውሃውን ሳልጠጣው አስቀመጥኩት። «ወረቀቱስ? ወረቀቱ የት አለ?»

«‹ታይፕ ክፍል ሰጠሁት፣ ታሪክ ይሠራል› ብለኸናል።»

ልብ በሉ፤ ያ ጊዜ ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር የሚጠፋበት ጊዜ ነው። በሕልሙ የተናገረውን እንኳን ሰው ሰምቶት እንደሆነ ጠዋት ጎረቤቱን የሚያይበት። እኔ ደግሞ በሦስት ገጽ፣ በእጅ ጽሑፌ፣ ከነስሜ።

ውይይት ታክሲ ላይ ዘልዬ ወጣሁ። ተሳፋሪው ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተፋጥጦ ስለሚቀመጥ ነው ሕዝቡ «ውይይት» ያለው፤ ያን ቀን ግን ምርመራ ክፍል መሰለኝ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ ባየኝ ቁጥር፣ ያልጠየቀኝን ልናዘዝለት ይዳዳኝ ነበር።

እትዬ አማረች የታይፕ መኪናቸውን ያጸዳሉ።

«እትዬ አማረች፣ የትናንቱ ንግግር...»

«ደርሷል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንዱን ለሥራ አስኪያጁ፣ አንዱን ለጓድ ተሾመ በእጄ ሰጥቻለሁ።»

«አነበቡት? ማለቴ እርስዎ?»

«እኔ ምን ጊዜ አለኝ? ጣቴ ነው የሚያነበው» አሉኝና ፊቴን አተኩረው አዩት። «ምነው፣ አሞሃል?»

«የለም፣ ደህና ነኝ» ብዬ ወጣሁ።

አለቆቹ በጠዋት ጎሮ ሄደዋል። ጎሮ ያን ጊዜ እንደዛሬው ቤት በቤት አይደለም፤ ዓይንህ እስኪደክም የጤፍ ማሳ ነበር። የቀረውን ዘማች በሚወስደው የመሥሪያ ቤቱ የጭነት መኪና ላይ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ወጣሁ። ዘመቻ በፈቃዱ የሄደ ሰው አይተው ስለማያውቁ ባልደረቦቼ ቦታ ለቀቁልኝ።

እንደደረስን የሥራ አስኪያጁን ላንድሮቨር አየሁ። ቦርሳቸው ከፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሾፌሩ ጋሽ ሐጎስ ጥላ ሥር ቆመዋል።

«ጋሽ ሐጎስ፣ ከቦርሳው ውስጥ አንዲት ወረቀት ላይ... ነጠላ ሰረዝ ረስቼ ነበር። ላስገባት።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ነው እንዲህ ያላበህ?»

«አስፈላጊ ሰረዝ ናት።»

«እንግዲያው ለባለቤቱ ንገራቸው። እኔ መኪና ነው የምነዳው፤ ቦርሳ አልከፍትም።»

ምርጫ ስላጣሁ ማሳው ውስጥ ገብቼ ማረም ጀመርኩ። ፀሐዩ አናቴን ይጠበጥበዋል። ጎንበስ ባልኩ ቁጥር የትናንቱ ጥብስ ቀና ይላል። ቢሆንም ከሁሉ ፈጥኜ አረምኩ፤ ነገ ሲፈረድብኝ «ቢያንስ አራሚ ነበር» እንዲሉልኝ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጠላ በጣሳ ይዘው መጥተው «ቅመስ ልጄ፣ ደክመሃል» ቢሉኝ እባብ እንዳየ ሰው ወደኋላ ዘለልኩ።

ቀና ስል አጠገቤ የሚያርሙት ጓድ ተሾመ ናቸው።

«ንግግርህን ትናንት አነበብኩት» አሉኝ።

አንገቴን ደፍቼ እጄ የገባውን መንቀል ቀጠልኩ።

«ደፋር ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከአንተ አልጠበቅኩም።»

«ጓድ፣ እኔ...»

«እዚህ አይሆንም። ነገ ስብሰባው ሲያልቅ ቢሮዬ ና፤ እንነጋገራለን።» ከዚያ እጄን አዩ። «ጓድ፣ የምትነቅለው ጤፉን ነው።»

እውነትም አንድ እፍኝ ጤፍ ይዤ ነበር።

ያን ቀን እህል አልቀመስኩም። ለጽጌ ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ ተነስታ ልብስ መምረጥ ጀመረች። እስር ቤት ብርድ ነው ይባል ስለነበር፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ካልሲ፣ ሁለት ሱሪና ሁለት ሹራብ በላይ በላዩ አለበሰችኝ፤ ኮቱ አልቆለፍ አለ። አማቴ ባዶውን የትራስ ልብስ አጥበው ኖሮ «ልብስህን እንድትይዝበት» ብለው አጥፈው እጄ ላይ አኖሩት። ሁላችንም ያላለቀስነው አንዳችን እንዳንጀምር ፈርተን ነው።

አዳራሹ ሞልቷል። ከበደ አጠገቤ ተቀመጠ። እሱም ነገሩን ሰምቶ ስለነበር ፊቱ አመድ መስሏል፤ ቢሆንም ሹራቤን ነካ አድርጎ «በሁለት ቀን እንዴት ወፈርክ?» አለኝ።

ሥራ አስኪያጁ ተነሱ። መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን ዘረጉ።

«ጓዶች!» አሉ፣ ያን ያደመቅኩትን ቃለ አጋኖ ሁሉ ድምፃቸው ውስጥ አስገብተው። «ፍሬያማነታችንን የሚበላው አንድ ነገር ነው!»

የእኔው ቃል ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከበደ ጉልበቴን ጨብጦ ያዘ።

«እሱም» አሉ ሥራ አስኪያጁ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ውሃ ቀዱ፤ ጠጡ። በዚያች ውሃ ውስጥ አሥር ዓመት ያረጀሁ ይመስለኛል። «እሱም ማርፈድ ነው!»

ዓይኔን ገለጥኩ።

«ማርፈድ!» አሉ ደግመው። ስለ ማርፈድ አንድ ገጽ አነበቡ። ያላግባብ ስለሚባክን ወረቀት አነበቡ። እኔ ስለ ማርፈድም ስለ ወረቀትም አንዲት ቃል አልጻፍኩም። በሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦

«በመካከላችን በምሳ ሰዓት ወጥተው፣ ጠጥተው፣ ወደ ሥራ ተመልሰው የሰውን ትከሻ እየመቱ የሚውሉ ጓዶች አሉ። እነዚህ ጓዶች ራሳቸውን ያውቃሉ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ትከሻውን ያልመታሁት ሰው ስላልነበረ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔም ሳቅኩ። እንደ እኔ የሳቀ አልነበረም፤ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ፤ በሁለቱ ሹራብ ውስጥ ላቤ እንደ ቦይ ይወርዳል። ጭብጨባው ሲነሳ ቆሜ አጨበጨብኩ። ከበደም ቆመ። ምን እንደሆነ ግን ሁለታችንም አልገባንም።

ጓድ ተሾመ ቢሮ ስገባ ተነስተው ጨበጡኝ።

«የመጨረሻውን ክፍል አንተ መጻፍህ ነው ያስደነቀኝ» አሉ። «ሰው በሌላው ላይ ሂስ ያደርጋል። አንተ ግን በራስህ ላይ ግለሂስ አደረግክ። ሐሙስ ዕለት ትከሻዬን እንደመታኸኝ ታስታውሳለህ?»

አላስታውስም ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን አላስታውስም።

«በሥራ ሰዓት መጠጥን የሚከላከል ኮሚቴ እናቋቁማለን። ሰብሳቢው አንተ ነህ። በየማክሰኞው ትሰበሰባላችሁ።» ከዚያ፣ በእናቴ ስም እምላለሁ፣ ፈገግ አሉ። ብታምኑኝም ባታምኑኝም እኔ አይቻለሁ።

እየሮጥኩ ታይፕ ክፍል ገባሁ። እትዬ አማረች ብቻቸውን ናቸው።

«እትዬ አማረች፣ እርስዎ ነዎት!»

«በሩን ዝጋ» አሉኝ።

ዘጋሁ።

«ከሃያ ዓመት በላይ ታይፕ ስመታ፣ ሰው ምሳ ሳይበላ የጻፈውንና በልቶ የጻፈውን ለይቼ አውቃለሁ» አሉ። «የመጀመሪያውን መስመር ተውኩልህ፤ ቆንጆ ነው። የቀረውን ካለፉት ዓመታት ንግግሮች ለቃቀምኩት። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ አልከበደኝም። የመጠጡን ነገር ግን እኔው ጨመርኩ፤ ትከሻዬን አሳምመኸኛል።»

«የእኔ ወረቀትስ?»

«ሻይ ቤት ምድጃ ውስጥ። በገዛ እጄ።»

«ታዲያ ትናንት ጠዋት ለምን አልነገሩኝም? አንድ ቀን ሙሉ ስሞት ነው የዋልኩት!»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ፣ አንድ ቀን ይፍራ አልኩ። በአንድ ቀን ፍርሃት የሞተ የለም ልጄ። እኔ ግን በአንድ ገጽ ወረቀት የሄደ ሰው አውቃለሁ። የእናቴ ልጅ ነበር።»

ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ፤ «ተው፣ ተው» እያሉ ነጠቁኝ።

ልወጣ ስል «ስማ» አሉኝ። ቀና ስል ከንፈራቸውን ነክሰዋል። «የግድግዳው ሰዓት ያንቀላፋል ያልከው...» ብለው መጨረስ አቃታቸው። ታይፕ መኪናቸው ላይ ተደፍተው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። መነጽራቸውን እንደገና መጥረግ ነበረባቸው።

ታክሲ አልጠበቅኩም። ሁለቱንም ሹራቦች አውልቄ ክንዴ ላይ ጣልኩና በእግሬ በቦሌ ሚካኤል በኩል ወደ ቤቴ ወረድኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም አልኩ፤ ሱቅ በደረቴውን፣ አህያ የሚነዳውን ሰውዬ፣ በያጆቹን አንድ በአንድ። ሌላ ጊዜ መንገድ ቀይሬ የማልፈውን የቀበሌ ጥበቃ ሳይቀር አቅፌ ጉንጩን ሳምኩት።

ሰውዬው ጠመንጃውን ወደ ጎን አደረገና ጠርጠር አድርጎ አሸተተኝ።

«ምነው ጓድ፣ በጠራራ ፀሐይ ጠጥተሃል?»

«ኧረ እኔ! ከትናንት ጀምሮ ውሃ እንኳን በአፌ አልዞረም።»

አላመነኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቴን ስናገር ባለመታመኔ ደስ አለኝ። ሁለት ሱሪዬን ከፍ አድርጌ እየያዝኩ፣ ጽጌ ደጅ ላይ ቆማ መንገዱን ወደምታይበት ወደ ቤቴ ሮጥኩ።